የንግድ ምርመራ ተሳታፊዎችን ስለ አሠራራችን መቼ፣ ማንን እና እንዴት እንጠይቅ?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የምሠራው የጸረ-ዳምፒንግና መሰል የንግድ ምርመራዎችን በሚያካሂድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከመደበኛ ዋጋቸው በታች በሚገቡ የውጭ ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣል ወይስ አይጣል የሚለውን እናጣራለን። በምርመራዎቹ የተሳተፉ ኩባንያዎች ስለ አሠራራችን ያላቸውን አስተያየት እንድሰበስብ ታዝዣለሁ። ያሰብኩት የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡበት ቅጽ ለሁሉም በኢሜይል ለመላክ ነው። ይህ ይበቃል? ገና ባልተዘጋ ጉዳይ ላይ አስተያየት መቀበልስ ችግር አያመጣም? የግብዣ ደብዳቤውንስ ማን ቢፈርም ይሻላል?»

ምላሽ፦

አይበቃም። በዚህ መንገድ የሚደርስዎት መልስ በአብዛኛው ስለ ውሳኔው እንጂ ስለ አሠራሩ አይሆንም። ከዚህም የሚከፋው፣ ከሁሉ አስቀድመው ሊሰሙት የሚገባው ሰው ቅጹ በሚላክበት ጊዜ በተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ለምርመራው ስለ ዋጋና ወጪ የተላከለትን ረጅም መጠይቅ መመለስ አቅቶት መሐል መንገድ ላይ ወጥቷል። እኔ ይህን ሥራ የማውቀው በዋናነት ከኩባንያዎቹ ወገን ሆኜ መጠይቅ ሲሞሉ በማገዝ ስለሆነ፣ የምነግርዎት ከጠረጴዛው ማዶ የሚታየውን ነው።

ከጊዜው ልነሳ። በዓለም ንግድ ድርጅት የጸረ-ዳምፒንግ ስምምነት መሠረት ምርመራ በመደበኛው በ1 ዓመት፣ በምንም ምክንያት ቢሆን ከ18 ወራት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ላኪዎችና የውጭ አምራቾች ደግሞ መጠይቁን ለመመለስ ቢያንስ 30 ቀናት ይሰጣቸዋል። እንግዲህ መጠይቁን የሞላው የሒሳብ ሠራተኛ ሥራውን ካስረከበ በኋላ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪወጣ ብዙ ወራት ያልፋሉ። እስከዚያ የትኛው ሠንጠረዥ እንዳስቸገረው ረስቶታል፤ መሥሪያ ቤት ቀይሮም ሊሆን ይችላል። በኩባንያው ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የተጣለውን የቀረጥ መጠን ብቻ ነው።

የቀረጡ መጠን ደግሞ በሌላው ሁሉ ላይ ጥላውን ያጠላል። አቤቱታ ያቀረበው የአገር ውስጥ አምራች የጠየቀውን ካገኘ የጊዜ ገደቡም፣ የሰነድ ማስገቢያው ድረ ገጽም፣ መርማሪዎቹም ጥሩ ነበሩ ብሎ 5 ይሰጣል። ገበያው የተዘጋበት ላኪ ለዚያው ድረ ገጽና ለእነዚያው መርማሪዎች 1 ይሰጣል። ሁለቱን ደምረው ለሁለት ሲያካፍሉ 3 ያገኛሉ፤ ያ 3 ግን የማንም አስተያየት አይደለም።

ስለዚህ በየምዕራፉ ይጠይቁ። መጠይቁ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ፤ መርማሪዎች በኩባንያው ተገኝተው መረጃውን ካመሳከሩ በኋላ ሁለተኛ፤ የወገኖቹ የቃል ክርክር የሚሰማበት መድረክ ሲያበቃ ሦስተኛ፤ ለውሳኔው መሠረት የሚሆኑት ዋና ዋና ፍሬ ነገሮች ለወገኖቹ ከተገለጹ በኋላ አራተኛ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት ማን እንደሚረታ ገና አልታወቀም፤ ትዝታውም ትኩስ ነው። በአራተኛው ላይ ውጤቱ ወዴት እንዳጋደለ ስለሚታይ መልሱን ይህን እያሰቡ ያንብቡት።

ለዚህ ጥሩ አርአያ የማደርገው የአሜሪካን የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ለኩባንያዎች በሚልከው መጠይቅ ውስጥ፣ መጠይቁን ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደፈጀና ምን ያህል ወጪ እንዳስከተለ እዚያው ይጠይቃል፤ ለማሻሻያ የሚሆን ሐሳብ ያለውም እንዲጽፍ ይጋብዛል። ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ኢሜይል፣ ሌላ ማስታወሻ አያስፈልግም። ሰውየው ድካሙ ከትከሻው ሳይወርድ፣ ውሳኔውን ሳያውቅ የጻፈው ቁጥር ስለሆነም ከየትኛውም የእርካታ ነጥብ ይልቅ ይታመናል። ኮሚሽኑ በተጨማሪ በምርመራው የመጨረሻ ምዕራፍ የመጠይቆቹን ረቂቅ ለወገኖቹ አሳይቶ አስተያየት ከተቀበለ በኋላ ነው የሚያሰራጨው። እኔ ከሁለቱ ይበልጥ የምወደው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ስሕተቱ መቶ ኩባንያዎችን ካደከመ በኋላ ከሚሰማ ሮሮ ይልቅ፣ ከመላኩ በፊት «ይህ ሠንጠረዥ በእኛ ዘርፍ አይሠራም» የሚል አንድ ደብዳቤ እጅግ ይጠቅማል።

አሁን ማንን እንደሚጠይቁ እንነጋገር። መልእክቱ በኢሜይል ሲላክ የሚደርሰው በመዝገብ ላይ ወኪል ሆኖ ለተጻፈው ጠበቃ ነው። ጠበቃው የሚመልሰው ጠበቃ የሚያየውን ነው፤ የሰነድ ተደራሽነትን፣ የመስማቱን ሥርዓት፣ የማስረጃ አገላለጽን። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲያገላብጥ ያደረው ግን እርሱ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ቅጾች ያዘጋጁ፦ አንዱ ለወኪሉ፣ ሌላው «መጠይቁን በእጁ ለሞላው ሰው» ተብሎ የተጻፈ። ወኪሉ ሁለተኛውን እንዲያስተላልፍ በትሕትና ይጠይቁት። የወኪል ቢሮ በየዓመቱ በብዙ ጉዳዮች ስለሚቀርብ የእርሱ ድምፅ በቆጠራዎ ውስጥ ደጋግሞ እንደሚገባም አይዘንጉ፤ አንድ ቢሮ አምስት ጊዜ ስለተናገረ አምስት ሰው ተናገረ ማለት አይደለም።

አስመጪዎችም ይዘነጋሉ፤ ምርቱን ለማምረቻ የሚጠቀሙ ኢንዱስትሪዎችና የሸማቾች ማኅበራት ደግሞ ከእነርሱም ይበልጥ። ስምምነቱ ለኢንዱስትሪ ተጠቃሚዎች፣ ምርቱ በችርቻሮ የሚሸጥ ከሆነም ለሸማቾች ተወካዮች መረጃ የማቅረብ ዕድል እንዲሰጣቸው ያዛል። በተግባር ብዙዎቹ ዕድሉ እንዳለ የሚያውቁት ቀረጡ ከተጣለ በኋላ ነው። ለእነርሱ የሚቀርበው ጥያቄ «እንዴት ነበር?» ሳይሆን «ምርመራ መጀመሩን መቼና ከማን ሰሙ?» የሚል ነው።

በጣም የምለምንዎት ግን ስለወጡት ነው። አንድ ላኪ ለምርመራው ሲመረጥ ወይም ራሱ ሲመዘገብ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ መጠይቁን ሳይመልስ ይቀራል፤ ወይም ዘግይቶ ያስገባል፤ ወይም ያስገባው ጎደሎ ነው ተብሎ ተቀባይነት ያጣል። በዚህ ጊዜ ስምምነቱ መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ባለው መረጃ እንዲወስን ይፈቅዳል፤ ውጤቱም ከተባበሩት ይልቅ ለላኪው የከፋ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ኩባንያ «ያልተባበረ» ብለው ይመዘግቡትና ፋይሉን ይዘጋሉ። ለምን እንዳልተባበረ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ በእርግጥ ሊያሳይ የማይፈልገው ነገር አለው። አንዳንዱ ግን ያለው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ መጠይቁ የመጣው በማያነበው ቋንቋ ነው፤ ወደዚያ ገበያ የሚልከው መጠን የጠበቃ ክፍያ የሚሸፍን አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ገበያውን ለቅቆ ወጣ። ይኸው ስምምነት መርማሪ ባለሥልጣናት የተሳታፊዎችን በተለይም የአነስተኛ ኩባንያዎችን ችግር ከግምት እንዲያስገቡና የሚቻለውን እርዳታ እንዲሰጡ ያዛል። ችግሩን ሳይጠይቁ ከግምት ማስገባት እንዴት ይቻላል?

እነዚህ ሰዎች ቅጽ አይሞሉም። ስልክ ይደወልላቸው፤ ከተቻለ በራሳቸው ቋንቋ። የሚደውለው ሰው በምርመራው ቡድን ውስጥ ያልነበረ ይሁን። ጥያቄው አንድ ነው፦ «እስከ የት ደረሳችሁ? ምን ላይ ስትደርሱ ነው ያቆማችሁት?» የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ «ጊዜ አልነበረንም» ይሆናል። እዚያ ላይ አይቁሙ። የትኛውን ገጽ ከፍተው ነበር? ማንን ጠየቁ? መልስ አገኙ? እንዲህ ካደረጉ ከአሥር የስልክ ጥሪ የሚያገኙት ከሁለት መቶ ቅጽ ይበልጣል።

ወደ ጥያቄዎቹ ይዘት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። «መጠይቁ ግልጽና ምቹ ነበር?» የሚል ጥያቄ በየቦታው አያለሁ። አንደኛ፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ ነው፤ ግልጽ ሆኖ የማይመች መጠይቅ ሞልቷል። ሁለተኛ፣ 2 ነጥብ የሰጠ ሰው ምን እንዲስተካከል እንደፈለገ አይነግርዎትም። የሠራውን ሥራ ይጠይቁት፤ ስሜቱን ከዚያ ውስጥ ያገኙታል።

አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንየው። መጠይቁ «የምርት ወጪን በእያንዳንዱ የምርት መለያ ኮድ ለይተው ያቅርቡ» ይላል። ምርቱ የብረት ቱቦ ነው እንበል። ኮዱ የተሠራው ከቱቦው ስፋት፣ ከግድግዳው ውፍረት፣ ከሽፋኑ ዓይነትና ከጫፉ አሠራር ነው። የፋብሪካው ሒሳብ ግን ወጪን የሚመዘግበው በማምረቻ ክፍልና በወር ነው። ሽፋን ያለውና የሌለው ቱቦ በአንድ መስመር ያልፋሉ፤ ለሽፋኑ የሚውለው የዚንክ ወጪ በአንድ ድምር ተጽፏል። የሒሳብ ሠራተኛው ወጪውን ወደ ኮዶቹ የሚያከፋፍልበት ዘዴ ከባዶ መፍጠር አለበት፤ በኋላ መርማሪ ሲመጣ ደግሞ ያንን ዘዴ ማስረዳትና በሰነድ ማረጋገጥ። ከመጠይቁ ጊዜ አብዛኛውን የሚበላው ይህ አንድ ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። በእርስዎ ቅጽ ላይ ይህ ሁሉ «2» ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ብለው ቢጠይቁ ግን፦ «ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው የትኛው ሠንጠረዥ ነው? በሒሳብ መዝገባችሁ ውስጥ ሳይኖር አዲስ ማስላት ግድ የሆነባችሁ ቁጥር የትኛው ነው?» መልሱ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ ያመራዎታል። ምናልባት ሽፋኑ በዋጋ ላይ ለውጥ የማያመጣ ከሆነ ከኮዱ ሊወጣ ይችላል። ምናልባትም የማከፋፈያ ዘዴው አስቀድሞ በስልክ ሊመከርበት ይችላል።

ሌላ ምሳሌ፣ አጭር ነው። ምስጢራዊ መረጃ የሚያቀርብ ኩባንያ ሌሎቹ ወገኖች ፍሬ ነገሩን እንዲረዱት ምስጢራዊ ያልሆነ ማጠቃለያ አብሮ ማስገባት አለበት። ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ኩባንያ ገጹን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሸፍኖ ይልካል። ይመለስበታል። እንደገና ይልካል፤ እንደገና ይመለስበታል፤ የጊዜ ገደቡም በዚህ መሐል ያልቃል። መመሪያው ውስጥ አንድ መስመር ቢኖር ይህ ሁሉ አይከሰትም ነበር፦ የሦስት ዓመት ሽያጭዎ 4,200፣ 3,900 እና 3,100 ቶን ከሆነ የመጀመሪያውን 100 አድርገው 100፣ 93፣ 74 ብለው ይጻፉ፤ ምስጢሩ ተጠብቆ አዝማሚያው ይታያል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚያገኙት «ስንት ጊዜ ሰነድ ተመለሰባችሁ? በምን ምክንያት?» ብለው ሲጠይቁ ነው። እንዲያውም ግማሹን መልስ ከራሳችሁ መዝገብ ማውጣት ይቻላል፤ የተመለሱ ሰነዶች፣ የማራዘሚያ ጥያቄዎች፣ ተደጋግመው የተጠየቁ ማብራሪያዎች ሁሉ እጃችሁ ላይ ናቸው። ሰው ከማስቸገርዎ በፊት እነርሱን ይቁጠሩ።

ነጥብ መስጠቱ ጨርሶ ይቅር አልልም። በየዓመቱ ሳይለወጥ የሚጠየቅ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ለንጽጽር ይረዳል። ነገር ግን አንድ ምርመራ ላይ የሚመልሱት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከ12 ሰዎች 3ቱ ሲያማርሩ «25 በመቶ» ብሎ መጻፍ ቁጥሩ የማይሸከመውን ክብደት መጫን ነው። «ከ12 ሦስቱ» ይበሉና የተናገሩትን ያስቀምጡ።

ያልተዘጋ ጉዳይን በተመለከተ ያነሱት ስጋት ትክክል ነው፤ ሆኖም ለዚያ ብሎ መጠበቅ መፍትሔ አይሆንም። የሚያስፈልገው አጥር ነው። ውሳኔ የሚሰጠው በምርመራው መዝገብ ላይ ባለው፣ ሌሎቹ ወገኖችም አይተው ሊከራከሩበት በሚችሉት ማስረጃ ነው። አንድ ወገን በአስተያየት ቅጽ ላይ «የተፎካካሪያችን ቁጥር ሐሰት ነው» ብሎ ቢጽፍና ያንን መርማሪው ቢያነበው፣ ሌላው ወገን ሳያውቀው ክርክር ተካሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አስተያየቱን የሚቀበለው ክፍል ከምርመራ ቡድኑ የተለየ ይሁን፤ ቡድኑ ጉዳዩ እስኪዘጋ ጥሬ መልሶቹን አይይ። በቅጹ አናት ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ይህ አስተያየት የምርመራው ማስረጃ አይደለም፤ ለውሳኔውም ግብዓት አይሆንም፤ ምስጢራዊ የንግድ መረጃ አይጻፍበት። ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር የሚጽፍ ሰው ካለ መልሱ ወደ መዝገቡ በሚወስደው ትክክለኛ መንገድ እንዲያቀርብ ይነገረው።

ገና ባልተዘጋ ጉዳይ ላይ መብቱ የተነካ ሰው ግን ዓመታዊ ሪፖርት አይጠብቅም፤ ዛሬ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ከምርመራ ቡድኑ ውጭ የሆነ፣ ለንግድ ጉዳዮች የተመደበ የመስማት ኃላፊ አለው፤ ሥልጣኑም መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከዚያም እርሱን በተካው የ2019 ውሳኔ ተደንግጓል። የሰነድ ተደራሽነት፣ የምስጢራዊነት፣ የጊዜ ማራዘሚያ ክርክር ወደ እርሱ ይሄዳል። መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ሹም ባይኖረው እንኳ አቤቱታንና አስተያየትን በሁለት በር ያስገቡ። አቤቱታ በአስተያየት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከተኛ ጉዳቱ ድርብ ነው።

የሕግ ክፍላችሁንም አስቀድመው ያማክሩ። የመጨረሻ ውሳኔዎች በፍርድ ቤት ወይም በገለልተኛ አካል የመታየት መብት ስላለ፣ «የተሰጠን ጊዜ አልበቃንም» የሚል የተሰበሰበ መልስ በይግባኝ ክርክር ውስጥ ሊጠቀስ ይችላል። ይህን ፈርቶ አለመጠየቅ ግን የማይረባ ጥንቃቄ ነው፤ ጊዜው ካልበቃ ማወቁ ይሻላል። በአንዳንድ አገር ደግሞ መጠየቁ ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ለ10 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከማቅረቡ በፊት የዋይት ሀውስን የአስተዳደርና በጀት ቢሮ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። በእርስዎ ዘንድ ተመሳሳይ ደንብ መኖሩን ያጣሩ።

«ስም አይጻፍም» ብለውም ቃል አይግቡ። ሦስት አስመጪዎች ብቻ ባሉበት ምርመራ ማን እንደተናገረ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ሊጠብቁት የሚችሉትን ቃል ይስጡ፦ ስምዎን የሚያውቁት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚወጣው ጽሑፍ የብዙ ምርመራዎችን መልስ በአንድ ላይ የያዘ ዓመታዊ ዘገባ ነው። ነገ በሌላ ጉዳይ እናንተው ፊት የሚቀርብ ኩባንያ እውነቱን የሚናገረው ይህን ሲያምን ነው።

የሰበሰቡትን ሲያነቡ በሁለት ክምር ይለዩት፦ መሥሪያ ቤቱ በራሱ የሚያስተካክለውና ሕግ የሚነካው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የንግድ መከላከያ ሕጉን ለማዘመን እ.ኤ.አ. በ2012 ሕዝባዊ ምክክር አድርጎ፣ በ2013 ረቂቅ አቅርቦ፣ ሕጉ የጸደቀው በ2018 ነው። ከተገኙት ለውጦች መካከል ጊዜያዊ ቀረጥ ከመጣሉ በፊት ለወገኖቹ ማሳወቅና ለአነስተኛና መካከለኛ ኩባንያዎች የሚሰጥ እገዛ ይገኙበታል። መልካም ለውጦች ናቸው፤ ዓመታት ግን ፈጅተዋል። የማጠቃለያውን ምሳሌ መመሪያው ውስጥ ለመጨመር አንድ ሳምንት አይፈጅም። የመጀመሪያውን ክምር ወዲያው ይሥሩት፤ ሁለተኛውን ለሚመለከተው አካል ጽፈው ያስተላልፉ፤ ሁለቱንም ለተሳታፊዎች ይግለጹ። ያልተቀየረውን ከነምክንያቱ መናገር በተለይ ያስፈልጋል። ከሁለቱ መሐል ላይ የሚወድቅ ሐሳብ ሲገኝ ደግሞ መሞከር ይቻላል፦ የአሜሪካው ኮሚሽን በአእምሯዊ ንብረት ጥሰት ምርመራዎች ጉዳዩን ሊቋጭ የሚችለውን አንድ ነጥብ በ100 ቀናት ውስጥ አስቀድሞ የመወሰንን አሠራር በ2013 በሙከራ ጀምሮ በ2018 በደንቡ ውስጥ አካቶታል።

ደብዳቤውን ማን ይፈርም ላሉት፣ የምርመራው ኃላፊ ፈጽሞ አይፈርም። በእርሱ ስም የመጣ ግብዣ ለተሸናፊው ስላቅ፣ ለአሸናፊው ደግሞ የምስጋና ጥያቄ ይመስላል። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይፈርመው፤ ከሥሩ ግን መልሱን የሚቀበለው ሠራተኛ ስምና ቀጥታ ስልክ ይኑር። ለውጭ አገር ላኪዎች የሚላከው መጠይቁ በተላከበት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ላኪው በሚሠራበት ቋንቋም ይጻፍ፤ ከአንድ ገጽም አይብለጥ። በቀጣዩ ምርመራ መጠይቅ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሰዓቱንና የከባዱን ሠንጠረዥ ጥያቄ አሁኑኑ ያስገቡ፤ ካለፈው ምርመራ መዝገብ ላይ ደግሞ «ያልተባበሩ» የተባሉትን ስም አውጥተው መደወል ይጀምሩ።